«ከደማቸው ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ሯጮቻችንና ስለ ዘረመል

ባለፈው ወር አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ልጇ 11 ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር አንደኛ ወጥቷል፤ ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ቀጥላ ግን አንድ ጥያቄ አመጣች። በኢንተርኔት የሚሸጥ ምርመራ አለ። የልጁን ምራቅ በትንሽ ብልቃጥ አድርገሽ በፖስታ ትልኪያለሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ለረጅም ርቀት ይሁን ለአጭር ርቀት «የተፈጠረ» መሆኑን ይነግሩሻል። «ሐበሻ ስለሆነ ጂኑ እንደሚኖረው አውቃለሁ፤ ግን በወረቀት ባየው ደስ ይለኛል። ልግዛው?» አለችኝ።

አትግዢው አልኳት። ምክንያቱን ግን በስልክ አልጨረስኩትም። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የ10 ሺህ ሜትር ውድድር በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ካፌው ውስጥ የምንለው ይኸው ነው። «ከደማቸው ነው።» «የአርሲ ውሃ ነው።» እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ዘር ምንም አያደርግም የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል። ያደርጋል። እንዴት እንደሚያደርግ ለማየት የሯጭ ሰውነት ምን ላይ እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል።

የረጅም ርቀት ሩጫ በአብዛኛው የኦክስጅን ጉዳይ ነው። ሳንባ ይቀበለዋል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይሸከመዋል፣ ልብ ደሙን እየገፋ ጡንቻው ድረስ ያደርሰዋል። እዚያ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ምግቡን በኦክስጅኑ እያቃጠሉ ጉልበት ያወጣሉ። ሰውነት በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ጣሪያ አለው፤ ባለሙያዎቹ ቪኦቱ ማክስ ይሉታል። ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ወጣት ወንድ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በደቂቃ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው ጣሪያው። የዓለም ምርጥ ወንድ ሯጮች ከ70 እስከ 85 ይደርሳሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ሳይደክሙ ለጣሪያው ምን ያህል ተጠግቶ መቆየት እንደሚቻል አለ። ሦስተኛው ቁጠባ ነው፤ ለዚያው ፍጥነት ማን ያነሰ ኦክስጅን ይፈጃል? ነዳጅ የማትበላ መኪና እንደምንለው ማለት ነው።

ቁጠባው ላይ የእግር ቅርጽ ራሱ ለውጥ ያመጣል። በጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሩጫው ወጪ በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ባቱ ቀጭንና ቀላል የሆነ ሰው በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ያተርፋል፤ ማራቶን ላይ እርምጃው በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። የግማሽ ማራቶን ሻምፒዮኑ ኤርትራዊ ዘረሰናይ ታደሰ ሲለካ፣ እስከዚያ ጊዜ ከተለኩ ሯጮች ሁሉ እጅግ ቆጣቢ ከሆኑት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። የባት ውፍረት ደግሞ በአብዛኛው ከወላጅ የሚመጣ ነገር ነው፤ በልምምድ ብዙ አይቀጥንም።

ጣሪያውም ቢሆን እንደዚያው ነው። ክላውድ ቡሻር የሚባሉ ካናዳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ስፖርት የማይሠሩ ወላጆችንና ልጆቻቸውን ሰብስበው 20 ሳምንት ሙሉ በቆመ ብስክሌት አሠለጠኗቸው። ሁሉም በክትትል አንድ ዓይነት ልምምድ ነው የሠሩት። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። በአማካይ የኦክስጅን ጣሪያቸው በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨመረ፤ አንዳንዱ ከአንድ ሊትር በላይ ሲጨምር አንዳንዱ ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ግማሽ ያህሉ በቤተሰብ የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አድርጎኛል። አሰልጣኝ «ሰነፍ ነህ» ብሎ ያባረረው ልጅ ስንት ይሆን? ሠርቶ፣ ለፍቶ፣ ሰውነቱ ግን እንደ ጓደኛው ያልመለሰለት?

እንግዲህ ዘር ይሠራል። ጥያቄው የትኛው ጂን፣ በምን ያህል የሚለው ነው። ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ነው።

አንድ ጂን ብቻውን ሰውን ሊያነሳ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ የሚገኘው ግን ፊንላንድ ነው። ኤሮ ማንቲራንታ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ነበር፣ በሰሜን ፊንላንድ ገጠር የተወለደ። በ1964ቱ የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ 15 ኪሎ ሜትሩን ከ40 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ገባ። በሕይወቱ ሰባት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝቷል፤ ሦስቱ ወርቅ ናቸው። ደሙ ሲመረመር ግን ሄሞግሎቢኑ ከተለመደው እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ጤነኛ ወንድ በሊትር ከ140 እስከ 170 ግራም ገደማ ሲኖረው የእሱ ከ200 በላይ ነው። ሰዎች በደሙ ላይ አንድ ነገር ሠርቷል ብለው ይጠረጥሩት ነበር። ምስጢሩ የተፈታው በ1993 ነው። የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች ቤተሰቡን በሙሉ መርምረው በአንድ ጂን ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ አገኙ።

ለውጡ እንዲህ ነው የሚሠራው። ኩላሊታችን ኦክስጅን ሲያንስ ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ ሆርሞኑ መቅኒ ውስጥ ያሉ ሴሎችን «ቀይ ደም ሥሩ» ይላቸዋል። ሴሉ ትእዛዙን የሚቀበልበት በር አለው፣ በሩ ደግሞ ሥራው ሲበቃ የሚያቆም ክፍል አለው። በማንቲራንታ ቤተሰብ ያ የሚያቆመው ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። ስለዚህ ትንሽ ትእዛዝ ሲመጣ ብዙ ደም ይሠራል። አንዳንድ አትሌቶች በመርፌ የሚወጉት የተከለከለው ኢፒኦ የሚሰጠውን ነገር እሱ ከእናት አባቱ ነው ያገኘው። ከቤተሰቡ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች ይህ ለውጥ ነበራቸው። ጥቂቶቹ በስኪ ታወቁ። ብዙዎቹ ግን ተራ ሕይወት ኖረው አለፉ።

ታዲያ ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለ ነገር እኛ ሀገርም ይኖራል ብለው መጡ። ለምን አይመጡ? አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ጀምሮ ዓለም ምክንያት ሲፈልግ ነበር።

ዋነኛው ፈላጊ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ያኒስ ፒትሲላዲስ ናቸው። ያን ጊዜ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። ኢትዮጵያና ኬንያ ድረስ እየመጡ፣ ስማቸውን የምናውቃቸውን አትሌቶች ጨምሮ የብዙዎችን ዲኤንኤ ሰበሰቡ። በመጀመሪያ የታየው ኤሲኢ የሚባለው ጂን ነው። በ1998 እንግሊዞች ያለ ኦክስጅን ጋን ከ7,000 ሜትር በላይ የወጡ ተራራ ወጪዎችን መርምረው የዚህ ጂን አንዱ ዓይነት በእነሱ ላይ እንደሚበዛ አሳይተው ነበር፤ የጽናት ጂን ተገኘ ተባለ። ኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ ሲታይ ግን ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጋር ልዩነት የለም። ኬንያም ላይ የለም።

ቀጥሎ ኤሲቲኤን3 መጣ። ይህ ጂን በፈጣኑ የጡንቻ ዘንግ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ፕሮቲን ይሠራል። በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ይህ ፕሮቲን ጭራሽ የለውም፤ በጤናውም ላይ ምንም አይጎድልበትም። በታላላቅ የአጭር ርቀት ሯጮች ዘንድ ግን ፕሮቲኑ የሌለው ሰው እምብዛም አይገኝም። እንግዲያው የሌላቸው ሰዎች ለረጅም ርቀት ይሆናሉ ማለት ነው? በ2007 የወጣው ጥናት ኢትዮጵያንና ኬንያን አይቶ የረጅም ርቀት ሯጮቹ ከሕዝቡ እንደማይለዩ አሳየ። የአክስቴ ልጅ ልትገዛው የነበረውን ዓይነት ምርመራ የሚሸጡ ሰዎች ዋና አድርገው ከሚያስተዋውቁት አንዱ ይኸው ጂን ነው።

ሚቶኮንድሪያም ታይቷል። የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። የ76 ኢትዮጵያውያን አትሌቶች የእናት መስመር ሲጠና ከሕዝቡ መስመር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። አትሌቶቹ እርስ በርስ የሩቅ ዘመድ እንኳ አይደሉም፤ አንዳንዱ ከሌላው ይልቅ ከሌላ አህጉር ሰው ጋር ይቀራረባል። ወንዶች ብቻ ባላቸው፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው በዋይ ክሮሞዞም ላይ ግን በ2004 ልዩነት ታይቷል፤ አንዳንዱ መስመር በሯጮች ላይ በዛ፣ ሌላው አነሰ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን አስቡት፦ ደራርቱ ቱሉ ዋይ ክሮሞዞም የላትም። ጥሩነሽ ዲባባም የላትም። የሴቶቻችንን ድል የማያብራራ ማብራሪያ ለእኔ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

ትልቁ ፍለጋ በ2016 ወጣ። ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከጃፓን፣ ከአውስትራሊያ፣ ከስፔን፣ ከፖላንድና ከሩሲያ የተሰበሰቡ 1,520 የጽናት ስፖርተኞች ከ2,760 ሌሎች ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ጥቂት የተመረጡ ጂኖች ሳይሆን ዲኤንኤው ከዳር እስከ ዳር ነው የታሰሰው። የዓለም ምርጦችን ከሌላው የሚለይ የጋራ ምልክት አልተገኘም።

ለምን? ጣሪያውንም፣ ቁጠባውንም፣ የልብ ስፋቱንም፣ የጅማቱን ጥንካሬም የሚወስኑ ጂኖች ብዙ ናቸው፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ግን ቅንጣት ነው። አንዱ ሻምፒዮን እነዚህን ይዟል፣ ሌላው እነዚያን። በ2008 ሁለት እንግሊዛውያን በጊዜው ከጽናት ጋር የተያያዙ 23 የጂን ዓይነቶችን ወስደው አሰሉ፤ ሃያ ሦስቱንም በጥሩ ጎናቸው የያዘ ሰው በመላው ዓለም አንድ እንኳ የመገኘቱ ዕድል ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ቀነኒሳም ቢሆን አንዳንዱ ጂን ደግ ሆኖለት፣ አንዳንዱ ጎድሎበት ነው የሮጠው።

«ታዲያ ደጋነታችንስ?» የሚል ይኖራል። ደጋው እውነት ነው፣ ያውም ደስ የሚል እውነት። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለካ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው። የሰሜን ተራሮች ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ሰውነታቸው ከፍታውን ከቁም ነገር የቆጠረው አይመስልም። በቀጣዮቹ ዓመታት ለዚህ የተመረጡ የሚመስሉ ጂኖች በኢትዮጵያ ደገኞች ላይ ተገኝተዋል። ግን ሻምፒዮኖቻችን በብዛት የወጡት ከሰሜን ተራሮች ሳይሆን ከአርሲ ነው። ቦሊቪያና ቲቤትም ከፍ ያሉ ናቸው፤ የማራቶን ነገሥታት ግን አልሆኑም። ከፍታ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አያስሮጥም።

ቤተሰብስ? እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል እኮ። ጥሩነሽ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። እህቷ እጅጋየሁ በአቴንስ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች። ታናሿ ገንዘቤ በ2015 የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ደራርቱ ዘመዳቸው ናት። የቀነኒሳ ወንድም ታሪኩም ለንደን ላይ ነሐስ አለው። ይህን አይቶ «ዘር ነው» አለማለት ይከብዳል። ግን እህትማማቾች የሚጋሩት ጂን ብቻ አይደለም። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ዳገት፣ አንድ አሰልጣኝ ይጋራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘመዷ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ የሰማች የገጠር ልጅ «ይቻላል» የሚለውን ሌላ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

ይህን ለመለየት ነው ሳይንስ መንትዮችን የሚያጠናው። አንድ ዓይነት መንትዮች ጂናቸው አንድ ነው፤ ሌሎቹ መንትዮች እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው። በ2007 በእንግሊዛውያን ሴት መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በስፖርት ተወዳዳሪ የመሆንና ያለመሆን ልዩነት 66 በመቶው የሚወረስ ነው አለ። ይህ ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል፣ በየቦታውም በስሕተት ይነበባል። «የአንድ አትሌት ችሎታ 66 በመቶው ዘር ነው» ማለት አይደለም።

በአርሲዋ ከተማ በበቆጂ ገብስ ላስረዳ። አንድ ገበሬ የተቀላቀለ ዘር ይዞ አንድ ወጥ፣ ለም ማሳ ላይ ቢዘራ፣ አንዱ ገብስ ረዝሞ ሌላው ያጠረበት ምክንያት ዘሩ ነው፤ መሬቱማ ለሁሉም አንድ ነው። ያንኑ ዘር ግማሹን ለም ማሳ ላይ፣ ግማሹን ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ቢዘራው ግን በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዘሩ አይመጣም። የመንትዮቹ ቁጥር የሚነግረን አንድ ማሳ ውስጥ ስላለው ልዩነት ብቻ ነው። ኬንያዊ ጣልያናዊን ለምን ቀደመ፣ በቆጂ ከጎረቤቷ ወረዳ ለምን በለጠች ለሚለው መልስ የለውም።

ለዚያ ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለው በ2003 የወጣ የእነ ፒትሲላዲስ ጥናት ነው። 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ከየት እንደመጡ፣ ትምህርት ቤት እንዴት ይሄዱ እንደነበር ጠየቁ። ከማራቶን ሯጮቹ 73 በመቶው ከአርሲና ከሸዋ ናቸው፤ ለንጽጽር ከተጠየቁት ሌሎች ሰዎች ግን ከእነዚህ ቦታዎች የመጣው 15 በመቶው ብቻ ነው። 68 በመቶው የማራቶን ሯጮች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በሩጫ ነበር። በልጅነቱ፣ ልብና ሳንባው ገና እያደገ ሳለ፣ በከፍታ ላይ፣ በየቀኑ፣ ማንም ልምምድ ሳይለው።

በቆጂ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። የስፖርት መምህር ሆነው ሄደው በአንድ ትንሽ ከተማ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። እዚህ ላይ ሆዴ ይባባል። «ከደማቸው ነው» ባልን ቁጥር የእኚህን ሰው የሌሊት ድካም ነው የምንሰርዘው። የልጆቹንም እንዲሁ። ማለዳ ተነስቶ ዳገት መውጣት ደም ውስጥ ተጽፎ አይመጣም። ደግሞም ሌላ ጣጣ አለው፦ «ዘሩ ነው» ያለ ሰው ከሌላ አካባቢ የመጣን ልጅ ሳያየው ያልፋል፤ ስንት አርሲ ያልተወለደ ሯጭ እንዲህ ቀርቶብን ይሆናል።

ስለ ማለፍ ካነሳን ትዕግስት አሰፋን ላንሳ። በ2016 ሪዮ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ልጅ ሳለች አንድ ወረቀት «አጭር ርቀት» ብሎ መድቧት ቢሆን ኖሮስ?

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። በ2015 የዘርፉ ባለሙያዎች ተሰብስበው እነዚህን ምርመራዎች የሚሸጡ 39 ኩባንያዎችን አዩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የትኞቹን ጂኖች እንደሚመረምሩ እንኳ በይፋ አልገለጹም። የባለሙያዎቹ ውሳኔ ግልጽ ነበር፦ ልጅን ለስፖርት ለመምረጥም ሆነ ልምምዱን ለመወሰን ይህ ምርመራ ቦታ የለውም። ዲኤንኤው ደግሞ የልጁ ነው። አንዴ ከተሰጠ መመለሻው አስቸጋሪ ነው፤ እሱ በ11 ዓመቱ ፈቃድ ሊሰጥበት አይችልም።

ለሯጭ ልጅ ጂን በእርግጥ የሚጠየቅበት ቦታ ግን አንድ አለ፤ ልቡ ነው። የልብ ጡንቻን ከመጠን በላይ የሚያወፍር የሚወረስ በሽታ አለ፤ ከ500 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል ይባላል። ከወላጅ አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክቱ ሜዳ ላይ መውደቅ ነው። ስለዚህ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ ደረቱን ካመመው፣ የልብ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳል፣ ልቡ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ካስፈለገ ያን ጊዜ ሐኪሙ ራሱ የዘረመል ምርመራ ያዛል።

ይህን በሌላ ቀን መልሼ ደውዬ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ የባሏ አጎት በ34 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ እንደቀረ፣ ሰው ሁሉ «ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው» ብሎ እንደተወው ነገረችኝ። ለልጁም ለአባቱም የልብ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለች፤ ለሚመጣው ማክሰኞ ነው።